የገዛነውን ጌም ለመጠባበቂያ መቅዳት፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የጌም ዲስክ ወይም ካርትሪጅ (ጌሙ በቺፕ ላይ ተጽፎ የሚሸጥበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን) በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው፣ ዕቃው ሳይበላሽበት አንድ የመጠባበቂያ ቅጂ ቢያስቀምጥ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን «ገንዘብህን ከፍለህበታል፤ እንደ ፈቀድህ አድርገው» ይላል። ሌላው «ኮፒ የተባለ ሁሉ ስርቆት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሕጉን አላነበቡትም። ሕጉ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ለመቅዳት ሲባል ቁልፍ (አምራቹ ያደረገውን ዲጂታል መከላከያ) መስበርን ግን ይከለክላል። ዛሬ ለኮንሶል (ለጌም ማጫወቻ መሣሪያ) የሚሸጠው ጌም ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተቆለፈ ነው። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ሊጠቀምበት የተነሣ ሰው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ያገኘዋል። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ሰው ሕግ ሳይጥስ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል።

ከመብቱ እንጀምር። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ክፍል 117 የአሁኑን ይዘቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ኮንግረስ አቋቁሞት የነበረ ኮሚሽን በ1978 ባቀረበው ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ባለቤት የሆነ ሰው ለመጠባበቂያ ብቻ ሌላ ቅጂ ቢያዘጋጅ መብት እንደ መጣስ አይቆጠርበትም ይላል። ከዚህ ጋር የተያያዙትን ግዴታዎች ግን ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ዋናውን ጌም የሸጠ ወይም ለሌላ የሰጠ ሰው ቅጂውን ከዋናው ጋር አብሮ ማስተላለፍ አለበት፤ ካልሆነም ማጥፋት አለበት። ዲስኩን ለዘመድ ሰጥቶ ፋይሉን በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀረ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ የያዘው ሕገ ወጥ ቅጂ ነው። ቅጂውን ለብቻው መሸጥም፣ ማዋስም፣ ማከራየትም አይቻልም።

«ዋናው ቤቴ ስላለ ፋይሉን ከኢንተርኔት ባወርደው ምን አለበት?» የሚለው ክርክርም በዚህ ክፍል አይደገፍም። ሕጉ የሚናገረው ባለቤቱ ከራሱ ቅጂ ስለሚያዘጋጀው ነው፤ ሌላ ሰው ያለፈቃድ ለሕዝብ ከለቀቀው ፋይል ስለመውሰድ አይደለም። በቶረንት የሚያወርድ ሰው ደግሞ ባላሰበው መንገድ ሌላ ጥፋት ይጨምራል፤ ፕሮግራሙ እያወረደ ሳለ የደረሰውን ቁራጭ ለሌሎች ስለሚልክ ሰውየው አከፋፋይ ይሆናል። የቅጂ መብት ጥሰት በፍርድ ቤት ሲረጋገጥ በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊወሰን ይችላል።

ይህ መብት ለጌም ሲሆን ገና ከጅምሩ ጠቧል። እ.ኤ.አ. በ1983 የጌም አምራቹ አታሪ፣ ጄኤስ ኤንድ ኤ የተባለ ድርጅትን በኢሊኖይ ሰሜናዊ ወረዳ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ድርጅቱ ይሸጥ የነበረው «ፕሮም ብላስተር» የተባለ፣ የአታሪ 2600 ካርትሪጅን ወደ ባዶ ካርትሪጅ የሚገለብጥ መሣሪያ ነበር። ተከሳሹ በክፍል 117 ተከላከለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የመጠባበቂያ መብት የተሰጠው በመካኒካዊ ወይም በኤሌክትሪክ ብልሽት በቀላሉ ለሚጠፉ ማከማቻዎች ነው፤ በካርትሪጅ ውስጥ ያለው ሮም ቺፕ (ጌሙ እንዳይለወጥ ሆኖ የተጻፈበት) ግን እንዲህ ላለ አደጋ የተጋለጠ አይደለም አለ። ከ5 ዓመት በኋላ በ1988 የአምስተኛው ክልል (የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች በክልል የተከፋፈሉ ናቸው) ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቮልት እና በኳይድ መካከል በነበረው ክርክር የተለየ አቋም ያዘ። የዲስክ መከላከያን አልፎ ለመቅዳት የሚያስችለው የኳይድ ፕሮግራም ለሕጋዊ መጠባበቂያ ስለሚያገለግል መሸጡ ጥፋት አይደለም ብሎ ወሰነ።

በአታሪው ፍርድ አልስማማም፤ ምክንያቴም ቴክኒካዊ ነው። በእርግጥ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ ሮም ረጅም ዕድሜ አለው። ሆኖም ካርትሪጅ ሮም ብቻ አይደለም። የወርቅ ቅባቸው ያለቀ እግሮች (ከኮንሶሉ ጋር የሚገናኙት የብረት ጫፎች) ይዝጋሉ፤ የብየዳ መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል፤ የተጫዋቹ ሴቭ (ጨዋታው የደረሰበትን የሚይዘው መዝገብ) የሚቀመጥበት ኤስራም የተባለ ቺፕ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1983 ያ ኢንዱስትሪ ገና ልጅ ነበር፤ ዛሬ ካርትሪጆቹ 30 እና 40 ዓመት ሆኗቸዋል። የፍርዱ ምክንያት ተገልብጦ ሲታይ ደግሞ የባሰ ነው። በቀላሉ የሚበላሸው ዲስክ ነው፤ ስለዚህ በፍርድ ቤቱ ሚዛን መጠባበቂያ በጣም የሚገባው ለዲስክ ነበር። በምስጢራዊ ቁልፍ የተዘጋው ግን በተለይ የአዳዲሶቹ ኮንሶሎች ዲስክ ነው።

የመዝጊያው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ነው። ክፍል 1201 በሥራው ላይ የተደረገን የመዳረሻ ቁልፍ አልፎ መግባትን ይከለክላል። ቁልፉን የሚያልፍ መሣሪያ ወይም ፕሮግራም መሥራትን፣ ማስመጣትንና መሸጥንም ለብቻው ይከለክላል። ሕጉ የሚጠይቀው ቁልፉ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም ብሎ ነው፤ ለምን እንደተሰበረ ብዙም አይመለከትም። በዚህ ላይ ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በ2004 የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቻምበርሌይን ጉዳይ ቁልፍ መስበሩ ከመብት ጥሰት ጋር ካልተያያዘ አያስጠይቅም ሲል፣ በ2010 የዘጠነኛው ክልል ፍርድ ቤት በኤምዲዋይና በብሊዛርድ ጉዳይ ይህን ማያያዣ አልቀበልም ብሏል። የዘጠነኛው ክልል ካሊፎርኒያንና ዋሽንግተን ስቴትን ያጠቃልላል፤ ስለዚህ በሲያትል ወይም በሎስ አንጀለስ ለሚኖር ሰው «ለራሴ መጠባበቂያ ብዬ ነው» የሚለው መከላከያ በጣም ደካማ ነው። የፍትሐ ብሔር ካሳው በአንድ የመስበር ድርጊት ከ200 እስከ 2,500 ዶላር ነው። እስራት የሚመጣው ሆን ተብሎ ለንግድ ወይም ለግል ገንዘብ ጥቅም ሲደረግ ሲሆን ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመትና እስከ 500,000 ዶላር ይደርሳል።

ሕጉ መተንፈሻ አለው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየ3 ዓመቱ ልዩ ፈቃዶችን ያወጣል። በ2015 አምራቹ የማረጋገጫ ሰርቨሩን ለዘጋባቸው ጌሞች የተወሰነ ፈቃድ ተሰጠ። በ2021 የኮንሶል የዲስክ ማንበቢያ ሲበላሽ ለመጠገን ሲባል ቁልፉን ማለፍ ተፈቀደ፤ ግን ጥገናው ሲያልቅ ቁልፉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ለግል መጠባበቂያ ተብሎ የጌም ቁልፍ መስበርን የሚፈቅድ ግን የለም። በ2012 ኮንሶል ለመክፈትም፣ የተገዛ ፊልምን ወደ ሌላ ማከማቻ ለማዛወርም የቀረቡት ጥያቄዎች ውድቅ ተደርገዋል። በጥቅምት 2024 ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ጠብቀው ያቆዩአቸውን ከገበያ የወጡ ጌሞች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያሳዩ የቀረበው ጥያቄ አልተፈቀደም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ከመደብር ሄዶ ዳግመኛ መግዛት የማይቻል ዕቃ ነው እንግዲህ መጠባበቂያ እንዳይኖረው የሚደረገው።

ከዚህ በታች ያለውን በጥንቃቄ እንዲነበብ የምጠይቀው መሣሪያው በዓይነት ስለሚለያይ ነው። አንዱ ላይ የተፈቀደው ሌላው ላይ ያስከስሳል።

እንደ ጌም ቦይ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሴጋ ጄነሲስና ኒንቴንዶ 64 ያሉ የቆዩ ካርትሪጆች በውስጣቸው ያለው መረጃ አልተመሰጠረም። ማንበቢያ መሣሪያ በዩኤስቢ አገናኝቶ ማንበብ በቂ ስለሆነ የክፍል 1201 ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይነሣም፤ የሚቀረው የአታሪው ፍርድ ጥላ ነው። መጀመሪያ እግሮቹን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ማጽዳትና ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ያስፈልጋል። የብርጭቆ ወረቀት ወይም የዝገት ዘይት መጠቀም የወርቁን ቅብ ይጨርሰዋል። ቮልቴጁን ማየት ደግሞ ግዴታ ነው። የጌም ቦይና የጌም ቦይ ከለር ካርትሪጅ በ5 ቮልት ይሠራል፤ የጌም ቦይ አድቫንስ ግን በ3.3 ቮልት። ማንበቢያው ላይ ያለውን ማብሪያ ሳይቀይሩ አድቫንሱን በ5 ቮልት ያስገባ ሰው ሊጠብቀው የፈለገውን ዕቃ በእጁ ሊያቃጥለው ይችላል።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ልክ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ካርትሪጁን አውጥቶ እንደገና አስገብቶ ሁለተኛ ጊዜ ማንበብና የሁለቱን ፋይሎች የኤስኤችኤ-1 ወይም የኤስኤችኤ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) ማመሳከር ነው። አሻራዎቹ ከተለያዩ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ስሕተት አለባቸው፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ የቆሸሸ እግር ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ሆነው ጌሙ ካልሠራ መጠኑ ወይም የካርትሪጁ ዓይነት በስሕተት ተመርጦ ይሆናል። ከእውነተኛው መጠን በላይ ከተመረጠ ያው መረጃ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይጻፋል፤ ካነሰ መጨረሻው ይቆረጣል። የጌም ቦይ ጌም ከ32 ኪሎባይት ይጀምራል፤ የሱፐር ኒንቴንዶ እስከ 6 ሜጋባይት፣ የኒንቴንዶ 64 እስከ 64 ሜጋባይት ይደርሳል። ኖ-ኢንትሮ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ የእያንዳንዱን ጌም ትክክለኛ አሻራ ስለሚዘረዝር ከእርሱ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ አሻራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ማየቱ ምንም ጥፋት የለውም።

በካርትሪጅ ላይ ከጌሙ ይልቅ የሚያሰጋው ሴቩ ነው። እንደ ካርትሪጁ ሲአር2032፣ ሲአር2025 ወይም ሲአር1616 ባትሪ ውስጡ ተበይዷል፤ ብዙዎቹም ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ያልቃሉ። ባትሪው ሲነቀል ሴቩ ይጠፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሴቩን በማንበቢያው ወደ ኮምፒውተር ማውጣት፣ ቀጥሎ ባትሪውን መቀየር፣ በመጨረሻም ሴቩን መልሶ መጻፍ። የኒንቴንዶ ካርትሪጆችን ለመክፈት ብዙውን ጊዜ 3.8 ሚሊሜትር ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል። አዲሱ ባትሪ የብረት ጆሮ አስቀድሞ የተበየደለት ዓይነት መሆን አለበት፤ የብየዳ ካውያ በባትሪው አካል ላይ በቀጥታ ካረፈ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። ሴቭ የተጫዋቹ የራሱ ሥራ ነው፤ ማንም ሰው ይህን ብቻ እንኳ ቢያደርግ ብዙ ነገር ያተርፋል።

የፕሌይስቴሽን 1 ዲስክ የተለየ ጠባይ አለው። መረጃው አልተመሰጠረም፤ ማንኛውም የኮምፒውተር ሲዲ ማንበቢያ ያነበዋል። መከላከያው ያለው ፋብሪካው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባተመው ልዩ ንዝረት ውስጥ ነው፤ የቤት ሲዲ ጻፊ ያንን ሊያትም አይችልም። ስለዚህ ቅጂው ይወጣል፣ በሲዲ የተጻፈው ቅጂ ግን ቺፕ ካልገባበት ኮንሶል ላይ አይነሣም። መቅዳቱና ማጫወቱ በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ቺፑ የመዳረሻ ቁልፍን ማለፊያ ነው። ሲቀዳ ሙሉውን 2352 ባይት የሆነ ሴክተር (የዲስኩ የመረጃ ክፍልፋይ) በቢንና በኪዩ ፋይል መልክ ማውጣት ያስፈልጋል። 2048 ባይት ብቻ የሚይዘው ተራው አይኤስኦ ፋይል የሙዚቃ ትራኮችንና የቪዲዮ ክፍሎችን ስለሚጥል ጌሙ ድምፅ አልባ ይሆናል ወይም መሐል ላይ ይቆማል። የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲም በኮምፒውተር ይነበባል፤ ባለ ሁለት ንብርብሩ እስከ 8.5 ጊጋባይት ይደርሳል። በሲዲ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ጭረትን ከታች ብቻ መፈለጋቸው ነው። መረጃው ያለው ከላይ ከሥዕሉ ሥር፣ በስስ ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ስለሆነ በሥዕሉ በኩል ያለ ጥልቅ ጭረት አይድንም። ከታች ያለው ግን 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተወልውሎ ይድናል።

ቅጂውን በኮምፒውተር በኢሙሌተር (ኮንሶሉን በሚመስል ፕሮግራም) ማጫወት በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሶኒና በኮኔክቲክስ ክርክር ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የሶኒን ባዮስ (ኮንሶሉን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) መርምሮ መቅዳት ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ብሏል። ባዮሱ ግን ራሱ የሶኒ ሥራ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው ባዮስ ያለፈቃድ የተሰራጨ ነው።

ከኒንቴንዶ ዊና ከፕሌይስቴሽን 3 ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። መረጃው ኤኢኤስ በተባለ ዘዴ ተመስጥሯል፤ የኒንቴንዶ ስዊችም እንደዚሁ። ቅጂ ለማውጣት የምስጠራውን መፍቻ ቁጥሮች ከኮንሶሉ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህ በክፍል 1201 ሥር የሚወድቅ ድርጊት ነው። ኒንቴንዶ በየካቲት 2024 የዩዙ ኢሙሌተርን ሠሪዎች የከሰሰው ይህን ይዞ ነው፤ በመጋቢት ወር ተከሳሾቹ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ሥራውን ለማቆም ተስማሙ። ጉዳዩ በስምምነት ስላለቀ ፍርድ ቤት የሕግ ጥያቄውን መርምሮ አልወሰነበትም። ቺፕና ማለፊያ ሶፍትዌር ይሸጥ ከነበረው ቲም ኤክሴኩተር አንዱ አባል ደግሞ በ2022 የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል። እነዚህ ትልልቅ ክሶች ያነጣጠሩት መሣሪያውን በሠሩትና በሸጡት ላይ ነው። ይህ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ለሚሰብረው ሰው ፈቃድ አይሆንም፤ ሕጉ እርሱንም ያካትታል።

ለአዳዲሶቹ ኮንሶሎች እንግዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚቀረው አምራቹ ራሱ የሰጠው መጠባበቂያ ነው፤ እርሱም ወጥ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 4 ሴቭን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይፈቅዳል። ፕሌይስቴሽን 5 የራሱን ጌሞች ሴቭ ለየብቻ ወደ ፍላሽ አይገለብጥም፤ ለዚያ ያለው የደመና ማከማቻ (በኢንተርኔት በኩል በኩባንያው ዘንድ የሚቀመጥ) ነው፣ ያውም በደንበኝነት ክፍያ። በስዊች ሴቩ ሁልጊዜ በውስጥ ማከማቻ እንጂ በማይክሮ ኤስዲ ካርዱ ላይ አይቀመጥም፤ ካርዱን ገልብጦ «ሴቬን ጠብቄያለሁ» የሚል ሰው ተሳስቷል። የደመናው አገልግሎትም ሁሉንም ጌም አይሸፍንም።

በኮምፒውተር ላይ ለሚጫወት ሰው የተሻለ መንገድ አለ። ጂኦጂ የተባለው መደብር ያለ ቁልፍ መጫኛ ፋይሎችን ይሰጣል። አውርዶ በውጭ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጣቸው ሰው መደብሩ ቢዘጋም ይጭናቸዋል። ሃርድ ዲስኩ በፋት32 ፎርማት የተዘጋጀ ከሆነ 4 ጊጋባይት የደረሰ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ስቲምም የመጠባበቂያ ተግባር አለው፤ ዳግመኛ ሲጫን ግን አካውንቱ መኖር አለበት። ፋይሉ ቤት ቢኖርም በሩን የሚከፍተው መደብሩ ነው።

የትም ይውጣ፣ ቅጂ አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ መጠባበቂያ ሊባል አይገባም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንደኛው ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። የአሻራዎቹን ዝርዝር በጽሑፍ ፋይል አብሮ አስቀምጦ በዓመት አንድ ጊዜ መፈተሽ ነው። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ መረጃው ሊጠፋ ይችላል፤ በቤት የሚጻፍ ሲዲም ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ይለቃል። የግዢ ደረሰኝና የዲስኩ ፎቶግራፍም አብረው ይቀመጡ፤ ባለቤትነትን የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው።

ባለቤትነት ስል አንድ ትልቅ ክፍተት አለ። ክፍል 117 የሚናገረው ስለ ቅጂው ባለቤት ነው። ኩባንያዎቹ ደግሞ በውላቸው «አልተሸጠልህም፤ የመጠቀም ፈቃድ ነው የተሰጠህ» ይላሉ። የዘጠነኛው ክልል ፍርድ ቤት በ2010 በቬርነርና በአውቶዴስክ ጉዳይ እንዲህ ያለውን ውል ተቀብሎታል። የሁለተኛው ክልል በ2005 በክራውስና በታይትልሰርቭ ጉዳይ ግን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ሰውየው በእጁ ባለው ቅጂ ላይ ያለውን እውነተኛ ሥልጣን ተመልክቷል፤ እኔም ፍትሕ ያለው በዚህ በኩል ነው ባይ ነኝ። በዲጂታል ለሚገዛ ጌም ክርክሩ ከባድ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ሊነጠቅ የሚችል ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ መደብር «ግዛ» የሚል አዝራር ካስቀመጠ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መንገር አለበት። ሕጉ ግልጽነትን አመጣ እንጂ የመቅዳት መብትን አልጨመረም።

በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች በአጭሩ፦ በአውሮፓ ኅብረት በ2009 መመሪያ መሠረት ለአጠቃቀም አስፈላጊ የሆነን የፕሮግራም መጠባበቂያ በውል መከልከል አይቻልም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በጥር 2014 በኒንቴንዶና በፒሲ ቦክስ ጉዳይ ጌም ከፕሮግራም በላይ ውስብስብ ሥራ ስለሆነ ቁልፉ ጥበቃ አለው፤ ቁልፉ ግን ከዓላማው ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት ብሏል። በ2016 ደግሞ ዋናው ዲስክ ቢበላሽ እንኳ የመጠባበቂያ ቅጂውን መሸጥ አይቻልም ሲል ወስኗል። የእስራኤል የ2007 የቅጂ መብት ሕግ በሕጋዊ መንገድ የተያዘን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመጠባበቂያ መቅዳትን በግልጽ ይፈቅዳል፤ ሲያበቃ መጥፋት አለበት። ካናዳ በ2012 መጠባበቂያን በሕግ ፈቀደች፤ በዚያው አንቀጽ ቁልፍ እስካልተሰበረ ድረስ ብላ አሰረችው። በ2017 የካናዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ማለፊያ መሣሪያ በሸጠ ድርጅት ላይ ለኒንቴንዶ 12.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ፈርዷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው ከአሜሪካው ይልቅ ለባለቤቱ ይቀርባል። የፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ቅጂው ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን የሚተካበት አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ይዞታው ሕጋዊ መሆኑ ሲያበቃ ቅጂው መጥፋት አለበት። ሆን ብሎ በአዋጁ የተጠበቀን መብት ለሚጥስ የተቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። አዋጁ ለውጭ አገር ሥራዎች ጥበቃ የሚሰጠው ኢትዮጵያ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በኩል ነው። ስለሆነም የውጭ ጌም እስከ ምን ድረስ ይጠበቃል የሚለው መልስ አገራችን በምትፈርማቸው ስምምነቶች ይወሰናል።

በየሰፈሩ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን በዚህ የመጠባበቂያ አንቀጽ ሥር አይገቡም። በጨዋታ ወይም በሰዓት ሒሳብ የሚያስከፍል ቤት ቅጂውን ለንግድ እየተጠቀመበት ነው። አንዱን ዲስክ በአምስት ኮንሶል ላይ የጫነ ሰውም «አንድ ቅጂ» ከሚለው ወሰን አልፏል። ከውጭ አገር ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ ኮንሶል የሚልኩ ሰዎችም ይህን ያስቡበት። ሃርድ ዲስኩ በተቀዱ ጌሞች ተሞልቶ የሚሸጥ የተከፈተ ኮንሶል በአሜሪካ ሲገዛም ሲሸጥም ችግር አለበት። ያገለገሉ ዋና ዲስኮችን ገዝቶ አብሮ መላክ ሕጋዊ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚከብድ አይደለም።

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና ለሕዝብ ተወካዮች አንድ ጥያቄ አለኝ። የቅጂ መብት አዋጁ ወደፊት ሲሻሻል ስለ ዲጂታል ቁልፎች አዲስ አንቀጽ የሚገባ ከሆነ፣ የካናዳና የአሜሪካ ሕግ እንዳለ አይገልበጥ። በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ፕሮግራም ለራሱ መጠባበቂያ አንድ ጊዜ ለመቅዳት ብቻ ቁልፉን ያለፈ ሰው አይጠየቅም የሚል አንድ ንዑስ አንቀጽ እዚያው አብሮ ይጻፍ፤ ፈቃዱ በየ3 ዓመቱ በልመና የሚገኝ አይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ